ክኒኑን ላቁም ወይስ ልቀጥል? ስለ ፒሲኦኤስና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም) በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ አሥር ሴቶች በአንዷ ላይ ገደማ የሚታይ የሆርሞን መዛባት ነው። ብዙዎቹ የወር አበባቸው ሲዘገይ፣ ፊታቸው ላይ ፀጉር ሲበቅል ወይም ብጉር አልለቅ ሲላቸው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ይታዘዝላቸዋል። ጥያቄው የሚመጣው ቆይቶ ነው፦ እስከ መቼ ልዋጠው? አንዱ «ሰውነትሽን ያበላሻል፣ ዛሬውኑ ጣይው» ይላታል፤ ሌላው «ያለ እሱ መፍትሔ የለሽም» ይላታል። ሁለቱም ምክሮች ያሳስቡኛል፤ ክኒኑ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ሲቆምስ ያንን ሥራ ምን እንደሚተካው የሚነግሯት ነገር የለምና።

«የወር አበባዬ በየወሩ ይመጣል፤ ስለዚህ ድኛለሁ»

እውነታው፦ ክኒን እየተዋጠ የሚመጣው ደም የተፈጥሮ የወር አበባ አይደለም። በተለመደው የ28 ቀን እሽግ ውስጥ 21ዱ እንክብሎች ሆርሞን አላቸው፤ የቀሩት 7ቱ የላቸውም። ሆርሞኑ በእነዚያ ቀናት ሲቋረጥ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይረግፍና ደም ይፈሳል። እንቁላል ግን አልተለቀቀም። ስለዚህ ደሙ ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ ኦቫሪዎቹ (እንቁላል የሚለቁት አካላት) በራሳቸው መሥራት መጀመራቸውን አያሳይም።

ክኒኑ ሲቆም ብዙውን ጊዜ የቀድሞው የተዛባ ዑደት ይመለሳል፤ ብጉሩና ፀጉሩም በወራት ውስጥ ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች «ክኒኑ ነው ያበላሸኝ» ብለው ያዝናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተመለሰው ክኒኑ ይዞት የቆየው ችግር ነው። በተለይ በአፍላ ዕድሜዋ ጀምራ ለዓመታት የዋጠች ሴት ያለ ክኒን ዑደቷ ምን እንደሚመስል የምታውቅበት አጋጣሚ አልነበራትም። ደስ የሚለው፣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ዑደት ዕድሜያቸው ወደ አርባዎቹ ሲጠጋ ብዙ ጊዜ እየተስተካከለ ይሄዳል። ስለዚህ በሃያ ዓመት የነበረው ሁሉ በሠላሳ ስምንትም እንዳለ ይመለሳል ማለት አይደለም።

«ክኒኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ምንም አይጠቅምም»

ግማሹ እውነት ነው። ክኒኑ ፒሲኦኤስን ከሥሩ አይነቅልም፤ ከበሽታው ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄደውን የኢንሱሊን መታወክም አያክምም። ሆኖም ዝም ብሎ መጋረጃ አይደለም። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ሰው ሠራሽ አምሳያ) ሁለቱንም የያዘው እንክብል ኦቫሪዎች የሚያመነጩትን ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ብጉርና ፀጉር የሚያስከትለውን የወንድ ሆርሞን፣ ይቀንሳል። ኢስትሮጅኑ ደግሞ ጉበት ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያስር ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ስለሚያደርግ፣ ወደ ቆዳና ወደ ፀጉር ሥር የሚደርሰው ነፃ ሆርሞን ያንሳል። የብጉሩ መጥፋት ከዚህ ይመጣል። ፀጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት ግን ቢያንስ ስድስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ወር «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም ለመድኃኒቱ ጊዜ መንፈግ ነው። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያም ለተዛባ የወር አበባና ላልተፈለገ ፀጉር ይህን እንክብል ከቀዳሚ ሕክምናዎች ያስቀምጠዋል።

«ካቆምኩ በኋላ የወር አበባዬ ለወራት ባይመጣም ግድ የለም፤ እንዲያውም እረፍት ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ አመለካከት ነው፤ ሳያሳምም የሚጎዳ ነውና።

እንቁላል በማይለቀቅበት ጊዜ ፕሮጄስትሮን አይመረትም። ኢስትሮጅን ግን መመረቱን አያቆምም፤ የማህፀንን ሽፋን ያለ ተቆጣጣሪ እያወፈረ ይቀጥላል። ሽፋኑ ለረጅም ጊዜ ሳይረግፍ ከቆየ ሴሎቹ ከልክ በላይ ሊባዙ ይችላሉ፤ ይህም በአንዳንድ ሴቶች ወደ ማህፀን ሽፋን ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። በወጣትነት ዕድሜ አደጋው በጥቅሉ አነስተኛ ስለሆነ ማንም መሸበር የለባትም፤ ቸል ማለት ግን አይገባም። ክኒኑ በሚዋጥበት ጊዜ በውስጡ ያለው ፕሮጄስቲን ሽፋኑን ይጠብቃል። ሲቆም ጥበቃውም አብሮ ይቆማል፤ ይህን ሳይነገራቸው የሚያቆሙ ሴቶች ብዛት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ካቆሙ በኋላ ደም የታየበትን ቀን ሁሉ ይመዝግቡ። ያለ ወር አበባ 90 ቀን ካለፈ በመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ፤ ከዚያ ሐኪም ያማክሩ። ክኒኑን ላለመመለስ የወሰነች ሴትም አማራጭ አላት። ሐኪሙ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ልዩነት ለ10 ወይም ለ14 ቀናት የሚዋጥ ፕሮጄስቲን ሊያዝላት ይችላል፤ ሽፋኑ በዚህ ይረግፋል። ይህ አወሳሰድ ግን እርግዝናን አይከላከልም። ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ደግሞ ሽፋኑንም ይጠብቃል፣ እርግዝናንም ይከላከላል። እሱን የምትጠቀም ሴት የወር አበባዋ ቢጠፋ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሽፋኑ የሳሳው በሉፑ ሆርሞን ነውና አያሰጋም። የመዳብ ሉፕ እርግዝናን በሚገባ ይከላከላል፤ ሆርሞን ስለሌለው ግን የቆመን ዑደት አይመልስም።

«ለዓመታት ክኒን የዋጠች ሴት መውለድ ይከብዳታል»

አይከብዳትም። ክኒኑ ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ውስጥ ነው፤ የመውለድ አቅምንም አያጠፋም። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ለማርገዝ ከዘገየች ምክንያቱ እንቁላል በየጊዜው አለመለቀቁ ነው፤ ይህም ሕክምና አለው። ሌትሮዞል የተባለው መድኃኒት ለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ሲሆን በርካቶች በእሱ አርግዘዋል።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ «ፒሲኦኤስ ስላለብኝ ባቆምም አላረግዝም» የሚለው ነው። እንቁላል አልፎ አልፎ ሊለቀቅ ይችላል፤ የሚለቀቀውም ደም ከመታየቱ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያውን የወር አበባ መጠበቅ መከላከያ አይሆንም። እሽጉን በመሐል አቋርጣ፣ ቀደም ባሉት ጥቂት ቀናት ግንኙነት የፈጸመች ሴትም ልታረግዝ ትችላለች። ለፀጉሩ ስፓይሮኖላክቶን የተባለ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ጥንቃቄው ይበረታል፤ መድኃኒቱ የወንድ ፅንስን አፈጣጠር ሊያውክ ስለሚችል አስተማማኝ መከላከያ ሳይተካ ክኒኑን ማቆም አይገባም።

«ሰውነቴ እንዲያርፍ በየጊዜው ላቋርጠው»

በቅን ልቦና የሚሰጥ ምክር ነው፤ ነገር ግን ጥቅም የለውም፣ ጉዳትም አለው። ኢስትሮጅን ያለው ክኒን በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ከ10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ክኒን ከማይወስዱት ከ1 እስከ 5፣ ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑት ደግሞ ከ5 እስከ 20 የሚደርሱት ይህ ያጋጥማቸዋል። ስጋቱ ከፍ የሚለው ክኒኑ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ አቋርጦ እንደገና መጀመር ያንኑ ወቅት ደጋግሞ ይመልሰዋል።

«ኪሎ የጨመርኩት በክኒኑ ነው፤ ካቆምኩ እቀንሳለሁ»

እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች ይህ እንክብል ከፍተኛ የክብደት ጭማሪ እንደሚያስከትል አላሳዩም። ፒሲኦኤስ ራሱ ግን ከክብደት መጨመር ጋር የተያያዘ ነው። ክብደቷን ለመቀነስ ብላ ብቻ የምታቆም ሴት እንዳታዝን እፈራለሁ። ስሜቷ ተለዋውጦባት፣ የወሲብ ፍላጎት እንኳን አጥታ፣ ራስ ምታት በዝቶባት ማቆም የፈለገች ሴት ግን «ይህ ምክንያት አይደለም» ልትባል አይገባም። የእሷ ምቾትም ከሕክምናው አንዱ መመዘኛ ነው፤ የክኒኑን ዓይነት መቀየርም ይቻላል።

«የሆርሞን ምርመራ ክኒኑን እየወሰድኩም ማሠራት እችላለሁ»

ውጤቱ ያሳስታል። ክኒኑ ቴስቶስትሮንን ስለሚቀንስ ምርመራው ጤናማ መስሎ ሊወጣ ይችላል። በሽታው ያለባት ስለመሆኑ በቅጡ ሳይረጋገጥ ክኒን የጀመረች ሴት እንዲጣራላት ከፈለገች፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ሆርሞን በሌለው መከላከያ ቆይታ መመርመር ይኖርባታል። የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ግን ክኒን ተዋጠም አልተዋጠም አይቀርም።

«ማቆም ከፈለግሁ ቀስ በቀስ መቀነስ አለብኝ»

አያስፈልግም፤ የተጀመረውን እሽግ ጨርሶ ማቆም በቂ ነው። ይህን መጠበቅ የማይገባበት ጊዜም አለ። አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ከዚህ ቀደም ያልታየ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይም እይታ ከተዛባ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ከማይግሬኗ በፊት ብልጭታ ወይም የእይታ መዛባት የሚመጣባት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ከዚህ ቀደም ደም የረጋባት፣ እንዲሁም 35 ዓመት ሞልቷት የምታጨስ ሴት ኢስትሮጅን ያለውን ክኒን መውሰድ የለባትም። ይህ ሲባል ግን ለማህፀኗ ሽፋን ጥበቃ የላትም ማለት አይደለም፤ ከላይ ከተጠቀሱት የፕሮጄስቲን አማራጮች የትኛው እንደሚስማማት በዚያው ቀጠሮ ሐኪሟን ትጠይቅ።