ያለ ጠበቃ የቤት አስተዳዳሪ ድርጅትን መክሰስ፦ በአሜሪካ ተከራዮች ዘንድ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አስተዳዳሪው ድርጅት ቤቱን ሲከራዩ ያስያዙትን ገንዘብ (ዲፖዚት) አልመልስም ሲል ወይም የሚያፈስ ጣሪያ ለወራት ሳያስጠግን ሲቀር፣ በአሜሪካ የሚኖር ተከራይ ጠበቃ ሳይዝ ራሱ ከስሶ መከራከር ይችላል። እውነት ይዞ በማይረባ ስህተት መሸነፍ ግን ያንገበግባል። ከወዳጅ ከዘመድ የምንሰማቸውን አንዳንድ ነገሮች ላርም።

«አቅም ከሌለኝ መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል»

ይህ ለወንጀል ተከሳሽ ነው፤ መሠረቱም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጌዲዮን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። በፍትሐ ብሔር እንዲህ ያለ አጠቃላይ መብት የለም። ኒው ዮርክ ከተማ በ2017 ያወጣችው ሕግም የሚያግዘው ከቤት እንዳይወጣ የሚከራከረውን ተከራይ ነው። ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ለመሆን ግን ማመልከት ይቻላል።

«ሕንፃው ላይ የተለጠፈውን ስም ከከሰስኩ ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ይመስለኛል። ኪራይ የሚሰበስበውና ጥገና የሚልከው ድርጅት ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ወኪል ነው። ባለቤቱ ደግሞ ለዚያ ሕንፃ ብቻ የተቋቋመ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የተለጠፈውም ስም የንግድ መጠሪያ ብቻ ሆኖ፣ በሕግ የተመዘገበው ሌላ ሊሆን ይችላል። በተሳሳተ ስም ቢፈረድልዎ እንኳ ማስፈጸሙ ያስቸግራል። ስለዚህ ከመክሰስዎ በፊት የኪራይ ውሉን እስከ ፊርማው ገጽ ያንብቡ፤ ከዚያ በግዛቱ የድርጅቶች መዝገብ ላይ ስሙን ይፈልጉ። ትክክለኛው ስምና መጥሪያ እንዲቀበል የተሰየመው ወኪል አድራሻ እዚያ ይገኛል። አስተዳዳሪው ብቻውን ሲከሰስ «እኔ ወኪል ነኝ፣ ባለቤቱን ጠይቅ» ሊል ስለሚችል፣ ሁለቱንም አብሮ መክሰስ ይታሰብበት።

«መጥሪያውን ራሴ እሰጣቸዋለሁ»

አይሆንም። በፌዴራል ፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያደርሰው 18 ዓመት የሞላውና ተከራካሪ ያልሆነ ሰው ነው፤ ጊዜውም ክሱ ከተከፈተ በኋላ 90 ቀን ነው። የግዛት ፍርድ ቤቶች የየራሳቸው ደንብና ቀነ ገደብ አላቸው። ለአካለ መጠን የደረሰ ጓደኛ ሊያደርስልዎ ይችል ይሆናል፤ ማድረሱን ግን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት።

«ዳኛው ጠበቃ እንደሌለኝ አይቶ ያልፈኛል»

ግማሹ እውነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 ጠበቃ የሌለው ሰው የጻፈው አቤቱታ እንደ ባለሙያ ጽሑፍ በጥብቅ እንዳይመዘን ወስኗል። በ1993 ደግሞ ጠበቃ አለመያዝ የሥነ ሥርዓት ስህተትን እንደማያስቀር ገልጿል። የአጻጻፍ ድክመት ሊታለፍ ይችላል፤ ያለፈ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ግን በዚህ ምክንያት አይታለፍም። የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም ቅጽ ይሰጣሉ እንጂ የሕግ ምክር መስጠት አይችሉም።

«ከከሰስኩ በኋላ ኪራይ አልከፍልም»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ክስ መክፈት ብቻውን ኪራይ አያስቆምም። ድርጅቱ ባልተከፈለው ኪራይ ምክንያት ከቤት የማስወጣት ክስ ሊያቀርብብዎ ይችላል፤ ያኔ ከሳሽ የነበሩት ሰው ቤትዎን ለማዳን የሚከራከሩ ተከሳሽ ይሆናሉ። ለጥገና ጉድለት ሕጋዊ መንገድ ያበጁ ግዛቶች አሉ። ለምሳሌ በሜሪላንድ፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት እንዳለ አስቀድሞ ያሳወቀ ተከራይ፣ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እያስያዘ ቤቱ እንዲጠገን መጠየቅ ይችላል። ማሳወቂያውን በጽሑፍ ይላኩ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ።