የሩብ ጎልድበርግ ማሽን

የሩብ ጎልድበርግ ማሽን በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ የሚያልቀውን ቀላል ሥራ በብዙ ደረጃ አዟዙሮ የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ስሙን ያገኘው እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ይሥል ከነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በሳን ፍራንሲስኮ ከተወለደው አሜሪካዊ ካርቱኒስት ከሩብ ጎልድበርግ ነው።

ጎልድበርግ ስለ ማሽን የሚያውቀው ከሩቅ አልነበረም። በ1904 በበርክሊ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቆ በሳን ፍራንሲስኮ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ወራት ሠርቷል፤ ከዚያ ሥራውን ትቶ ወደ ጋዜጣ ገባ። የሥዕሎቹ ጉልበትም ከዚህ የመጣ ይመስላል።

በ1931 የታተመውን የአፍ መጥረጊያ ሥዕሉን እንመልከት። መሣሪያው ያረፈው ሾርባ በሚጠጣ ሰው ራስ ላይ ነው። ሰውየው ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሣ የታሰረበት ገመድ ጭልፋ ይስባል፤ ጭልፋው ብስኩት ይወረውራል። በቀቀን ብስኩቱን ለመያዝ ሲዘል የቆመበት እንጨት ያዘነብልና በላዩ ያለው የወፍ ጥሬ ባልዲ ውስጥ ይፈሳል። ባልዲው ሲከብድ ገመድ ስቦ ላይተር ይለኩሳል፤ ርችት ይተኮሳል፤ ከርችቱ ጋር የተያያዘው ማጭድ ክር ይበጥሳል። ያን ጊዜ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አገጩን ይጠርግለታል።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው። የሚሸሸግ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ውጤት ከነምክንያቱ ዓይን ፊት ይቆማል። በእጃችን የያዝነው ስልክ በውስጡ የሚያደርገውን አናይም። እዚህ ግን የባልዲው ክብደት፣ የገመዱ ውጥረት፣ የእንጨቱ ማዘንበል ሁሉ ይታያል፤ የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ ቀጥሎ የሚሆነውን ገምቶ ትንፋሹን ይይዛል። ግምቱ ሲሠምር የሚሰማው ደስታ ነገርን የመረዳት ደስታ ነው፤ ከንቱ ጨዋታ ብሎ ማለፍ አይገባም።

ተመሳሳይ ሥዕል የሚሥሉ ሰዎች በሌላም አገር ነበሩ፤ እንግሊዞች ሂዝ ሮቢንሰንን፣ ዴንማርካውያን ስቶርም ፒ የተባለውን ያነሣሉ። በጃፓን ደግሞ የአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ ከ2002 ጀምሮ በሚያሰራጨው የልጆች ፕሮግራም ኳሶች በእርሳስ፣ በማስመሪያና በመጽሐፍ መካከል ይንከባለላሉ።

ሥዕሉን ወደ ተግባር የለወጡት ግን ተማሪዎች ናቸው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ማኅበራት በ1949 ውድድር ጀመሩ፤ በ1955 ተቋርጦ በ1983 እንደገና ነፍስ ዘራ፣ በ1988 አገር አቀፍ ሆነ። የሚሰጠው ሥራ እርሳስ መቅረጽን ወይም ቴምብር መለጠፍን የመሰለ ነው። በ2012 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፊኛ ነፍቶ የሚያፈነዳ 300 ደረጃ ያለው ማሽን ሠርቷል።

በወረቀት ላይ በቀቀኑ ሁልጊዜ ይዘላል። በእውነተኛው ማሽን ግን አንዲት ኳስ በፀጉር ስፋት ብትስት ሁሉም ይቆማል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ሰው እጁን ካስገባ ነጥብ ስለሚቀነስ፣ ለወራት የደከሙት ተማሪዎች እጃቸውን ሰብስበው ኳሷን በዓይናቸው ብቻ ይከተላሉ።