የተፈጥሮ ብርሃን በፎቶግራፍ፦ በጅማ ለሚጀምሩ የተዘጋጀ አጠቃላይ ዳሰሳ

የተፈጥሮ ብርሃን አጠቃቀም የፎቶግራፍ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ የብርሃንን አቅጣጫ፣ ጥንካሬና ቀለም አስተውሎ የሚነሳውን ሰው ወይም ዕቃ እንደዚያው ማስቀመጥን ያካትታል። ጀማሪዎች የሚያገኟቸው መመሪያዎች በአብዛኛው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ የተጻፉ በመሆናቸው፣ የሚሰጡት የሰዓትና የወቅት ምክር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ለምትገኘው ጅማ እንዳለ አይሠራም። ፎቶግራፍ በ1839 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ይፋ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች በዋናነት የሠሩት በፀሐይ ብርሃን ነበር።

በጅማ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6፡33 ገደማ ነው፤ የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ከተማዋ ያለችው ግን ከዚያ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትውላለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ አዘንብላ 59 ዲግሪ፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን አዘንብላ 74 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ትሆናለች። ከዚህ የተነሣ በታኅሣሥ የቀትር ጥላ የሚወድቀው ከሕንፃው በስተሰሜን ሲሆን፣ በሰኔ ከሕንፃው በስተደቡብ ይሆናል። ይህን ያወቀ ጀማሪ ለፎቶ የሚሆነውን በረንዳ አስቀድሞ ይመርጣል።

ቀትር ላይ ፎቶ አይነሳም የሚለው ምክር በብዙዎች ዘንድ ቢለመድም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። እርግጥ ፀሐይ ከላይ ስትወርድ ዓይን ሥርና አፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይፈጠራል። ሆኖም የሚነሳው ሰው በረንዳው ጥላ ውስጥ፣ ከጫፉ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ ውጭ ቢያዞር፣ ከሰማዩና ከግቢው ሲሚንቶ የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ከላይም ከታችም እኩል ያበራዋል።

«ወርቃማ ሰዓት» የሚባለው የንጋትና የምሽት ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አከራካሪ ይመስላል፤ በጅማ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ እጅግ ለስላሳው ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝበት የጅሬን ኮረብታ ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በመሆኑ፣ ከዚያ ሆኖ ከተማዋን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ጠዋት ቢሄድ ፀሐይ ከኋላው ሆና ጣሪያውንና ዛፉን ታበራለታለች። የዚህን ድንቅ ቅርስ የእንጨት ሥራ፣ እንዲሁም ስመ ጥሩውን የጅማ በርጩማ ለማንሳት ደግሞ ብርሃኑ ከጎን ተንሸራቶ ሲያልፍ ጥርቡ ጎልቶ ይታያል።

ጅማን ከብዙ ከተሞች የሚያስበልጣት ዳመናዋ ነው። ዳመና የፀሐይን ብርሃን በሰማይ ሁሉ ስለሚበትነው ጥላው ይለሰልሳል፤ ቀይ የቡና ፍሬም ነጸብራቅ ሳይሸፍነው ቀለሙን እንደያዘ ይነሳል። በጠራ ፀሐይ በቡና ዛፎች ሥር ሲገባ ግን ሁለት ችግር አለ፤ በቅጠል መሀል የሚያልፈው ብርሃን ፊትን ያዥጎረጉረዋል፣ ቅጠሉ ያሳለፈው ብርሃን ደግሞ ቆዳን ወደ አረንጓዴ ይወስዳል። ሰውዬውን ወደ ማሳው ዳር አውጥቶ ማቆም ሁለቱንም ያስቀራል።

የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያደርስ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ስትነሳ ነጠላው ይደበዝዛል፣ ፊቷም ይጠቁራል። በሞባይል ከሆነ ፊቷን በጣት ነክቶ ብርሃኑን በመጠኑ ከፍ ማድረግ፣ በካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በአንድ ደረጃ፣ ማለትም በእጥፍ ገደማ መጨመር ያስተካክለዋል፤ ነጠላው ላይ ጥለቱና ሽመናው መታየቱን እያረጋገጡ። በጠራ ፀሐይ መነሻ የሚሆነው ልኬት ኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እና 1/100 ሰከንድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ነው።

በቤት ውስጥ የቡና ሥነ ሥርዓት ሲነሳ መስኮቱ በጎን መሆን አለበት። ቡና አፍይዋ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ገደማ ርቃ ብትቀመጥ የጀበናው ጥቁር ሸክላ በአንድ ወገን ይደምቃል፤ የዕጣኑ ጭስ እንዲታይ ደግሞ ብርሃኑ ከጭሱ ኋላ መምጣትና ከበስተጀርባ ያለው ግድግዳ መጨለም ይኖርበታል። ከትንሽ መስኮት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚጠጋ፣ ሁለትና ሦስት ሰዎች አብረው ሲነሱ ሁሉም ከመስኮቱ እኩል መራቅ አለባቸው። የሞባይል ፍላሽ ጭሱንም የሸክላውንም ወዝ ያጠፋል።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብጫ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል። የክር አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን አካባቢ፣ የቀን ብርሃን ደግሞ 5,500 ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ ብጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ በኋላ በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ለማስተካከልም አስቸጋሪ ስለሆነ ቀን ላይ አምፖሉን ማጥፋት፣ ማታ ደግሞ መጋረጃውን ዘግቶ ኋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለምን የሚያስተካክለውን የካሜራ ምርጫ) በአምፖሉ ልክ ማስተካከል ይገባል።