የኢንካ እርከን ምንድን ነው?

የኢንካ እርከን በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ይኖሩ የነበሩት የኢንካ ሕዝቦች የሠሩት፣ በድንጋይ ካብ እየተደገፈ ተዳፋቱን በደረጃ የሚወርድ ጠፍጣፋ መሬት ነው። ለእርሻ ብቻ የተሠራ ይመስላል። በማቹ ፒቹ ግን ከተማዋን ራሷን ተሸክሞ ከ500 ዓመት በላይ ያቆያት እሱ ነው።

ማቹ ፒቹ ያለችው በፔሩ፣ በአንዲስ ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ ሁለት የተራራ ጫፎችን በሚያገናኝ ጠባብ ሸንተረር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በኢንካው ንጉሥ ፓቻኩቲ ጊዜ እንደተሠራች ይታመናል። ቦታው ግንበኛን የሚፈትን ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ ዐለቱ ስንጥቅ የበዛበት፣ የዓመቱ ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃ መውጫ ካጣ አፈሩንም ቤቱንም ይዞ ይወርዳል።

ኢንካዎች መፍትሔውን የቀበሩት መሬት ውስጥ ነው። ካቡን ወደ ተራራው ትንሽ አዘንብለው ይክቡታል። ከጀርባው መጀመሪያ ትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋማ አፈር፣ ከሁሉም በላይ ለም አፈር ይሞላሉ። ዝናቡ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ተጠራቅሞ ካቡን አይገፋውም። ድንጋይ ሲጠረብ የረገፈው ስባሪ እንኳ በከተማዋ መሐል ካለው ሜዳ ሥር ተነጥፎ ውሃ ያሳልፋል። መሐንዲሱ ኬኔት ራይት ከጠቅላላው ግንባታ 60 በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች እንደሆነ ገምቷል። ዓይን በማያየው ሥራ ላይ ይህን ያህል መድከማቸው ከሚያምሩት ግንቦች ሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚወጣው ከካቡ ወጣ ብለው በተተከሉ ረጃጅም ድንጋዮች ላይ እየረገጡ ነው፤ ለደረጃ ተብሎ የሚባክን መሬት የለም። ቀን በፀሐይ የሞቀው ድንጋይም ሌሊት ሙቀቱን እየመለሰ በቆሎውን ከውርጭ ይጠብቃል።

ቤቶቹም ለተራራው ይታዘዛሉ። የፀሐይ ቤተ መቅደስ የሚባለው ግማሽ ክብ ግንብ የቆመው በተፈጥሮ ዐለት ላይ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ የዐለቱን ቅርጽ ተከትለው ተጠርበዋል። ኢንካዎች ተራሮችን «አፑ» ብለው እንደ ጌታ ያከብሩ ስለነበር ዐለቱን ማክበራቸው አይገርምም።

እርከን መሥራትን የጀመሩት ግን እነሱ አይደሉም። ዋሪዎችን የመሰሉ ቀደምት ሕዝቦች በአንዲስ ተዳፋቶች ላይ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ኢንካዎች ወርሰው አስፋፉት። በፔሩ ኮልካ ሸለቆ ገበሬዎች ጥንታዊዎቹን እርከኖች ዛሬም ያርሷቸዋል።