በጣና ዳር በስልክ ማስተማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተማሪው አንድ ቦታ ሲደርስ ስልኩ በጂፒኤስ ያለበትን ይለያል፤ በካሜራው በሚታየው ሥፍራ ላይም ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ጥያቄ ይጨምራል። ቦታን መሠረት ያደረገ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ይህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከመምህራን ጋር ስናወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ብናሳያቸው ያው ነው»

ያው አይደለም። በበጋ ጢስ ዓባይ የሄደ ተማሪ ፏፏቴው ቀጥኖ ያገኘዋል። ገደሉ ፊት ቆሞ ስልኩን ሲያነሳ የክረምቱ ሙላት በዚያው ጥቁር አለት ላይ ቢደረብለት «ታዲያ ውሃው የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። ከወቅቱ መድረቅ ሌላ ከፏፏቴው በላይ ለኃይል ማመንጫ የሚጠለፍ ውሃ አለ፤ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ የተባለው ኃይል ማመንጫ፣ ወንዙ ከሚነሳበት ከጣና ሐይቅ ምዕራብ ውሃ በዋሻ ይወስዳል። ጥያቄውን ያነሳው ግን ልጁ ራሱ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም»

ጂፒኤስ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ዳታ አይበላም። ካርታውና ትምህርቱ አስቀድሞ ከወረደ፣ ፕሮግራሙም ያለ ኔት እንዲሠራ ከተዘጋጀ ሐይቁ ዳር ባለው በዘጌ ጫካ ውስጥም ይከፈታል።

«ስልኩ ቦታውን በትክክል ያውቀዋል»

ይሄኛው አደጋ አለው። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት እንኳ የስልክ ጂፒኤስ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በዘጌ ጥቅጥቅ ጫካ ሥር ይብስበታል። ኮምፓሱም ብረት አጠገብ ይዛባል። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ያስቀመጥኩትን ጥያቄ፣ ስልኩን ሳነሳ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ልጅ እሱን ልከተል ብሎ ቢራመድስ? ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን ከውሃው ቢያንስ 40 ሜትር አርቄ ነው የማስቀምጠው፤ ልጆቹም ስክሪን የሚያዩት ቆመው ብቻ ነው።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ ዘመናዊ ስልክ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የዛሬው ዓይነት ስማርትፎን ሳይመጣ፣ ተማሪዎች ጂፒኤስ ያለው የእጅ ኮምፒውተር ይዘው በግቢው እየዞሩ ለትምህርቱ በምናብ የተፈጠረ የከርሰ ምድር ውሃ ብክለትን ምንጭ ፈልገዋል። ለሦስት ልጆች አንድ ስልክ ይበቃል፦ አንዱ ይይዛል፣ አንዷ ዙሪያዋን ታያለች፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ስለ እምቦጭ ስንማር ስልኩ አረሙ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ይናገራል፤ ዙሪያዋን የምታየው ልጅ ደግሞ ተነቅሎ ዳር ከተከመረው አንዱን አንስታ፣ ያበጠውን የቅጠል አገዳ ሰንጥቃ፣ ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ መሆኑን ለሁለቱ ታሳያቸዋለች።