ከመስቀሉ ሥር የተጣለ ዕጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ደመራው ሲለኮስ ዓይኔ ከእሳቱ ይልቅ የልጆቹ እጅ ላይ ነበር። በአንዱ እጅ ጧፍ፣ በሌላው ስልክ። ፎቶ ለማንሣት ከሆነ ደግ። ከፊቴ የቆመው ልጅ ግን ካሜራ አልከፈተም። ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ትበራለች፤ ከመጥፋቷ በፊት ካልነካህ ያስያዝከው ብር የሚበላበት ቁማር ነው። ዙሪያው «እዮሃ አበባዬ» ይላል፤ እሱ አውራ ጣቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አውሮፕላኗ ድንገት ጠፋች። ወደ ጓደኛው ዞሮ «ተበላሁ» አለው።

የ2017ቱ ደመራ ትዝ አለኝ። ሐምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ ክሪፕቶ የሚባለውን የራሱን ዲጂታል ሳንቲም ያከፋፈለው በዚያው ዕለት፣ መስከረም 16 ነበር። ክረምቱን ሙሉ ልጆቻችን ስልክ ሲነካኩ ከረሙ። በቅዳሴ መሐል ሳይቀር። ጨዋታው ከ300 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አለኝ ይል ነበር። ስንቱ በሐሳቡ መኪና ገዛ! ሳንቲሙ ገበያ ሲወጣ ዋጋው የአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ሆነ። የብዙዎቹ ድርሻ ከጥቂት ዶላር አላለፈም። እሱ እንኳ የበላው ጊዜ ነው፤ ብር አላስከፈለም። ግን በዚያ ክረምት የለመደ ጣት ሥራ አልፈታም። ዛሬ የማወራችሁ ብርም፣ ቤትም፣ ሰውም ስለሚበላው የስልክ ቁማር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 19 ላይ የጻፈውን አስታውሱ። ጭፍሮቹ ጌታን ከሰቀሉት በኋላ ልብሱን ለአራት ተከፋፈሉ። እጀ ጠባቡ ቀረ። ስፌት የለበትም፤ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። «ለማን እንዲሆን ዕጣ እንጣጣልበት እንጂ አንቅደደው» ተባባሉ። ዳዊት አስቀድሞ «በእጀ ጠባቤም ዕጣ ተጣጣሉ» ያለው ተፈጸመ።

ይህን ቃል በየዓመቱ በስቅለት ስሰማው አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። እነዚህ ሰዎች ለመስቀሉ ምን ያህል ቅርብ ነበሩ? ከጴጥሮስ ይልቅ ቅርብ ነበሩ። ከሸሹት ሐዋርያት ሁሉ ይልቅ ቅርብ ነበሩ። የዓለም መድኃኒት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ፀሐይ ልትጨልም ነው፣ ምድር ልትናወጥ ነው። እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። «ለማን ይወጣ ይሆን?» ነው የያዛቸው። ጌታን ጠልተውት እንኳ አይመስለኝም። ረስተውት ነው።

ወንጌላዊው «ጭፍሮችም እንዲህ አደረጉ» ብሎ ወዲያው ምን ይጽፋል? በመስቀሉ አጠገብ እናቱ ቆማ ነበር ይላል። ልብ በሉ፤ ዕጣውና እናቲቱ ጎን ለጎን ናቸው። አባቶች ያንን እጀ ጠባብ በእጇ የሠራችለት እመቤታችን ናት ይላሉ። የልጇን ሞት ስታይ፣ የእጇን ሥራ ደግሞ ቁማርተኞች ሲጣጣሉበት ታያለች።

አምና በዐቢይ ጾም አንዲት እናት መጡብኝ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው። «መምህር፣ ልጄን ይምከሩልኝ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በሳምንት 1000 ብር የሚጣል፣ 60 ሰው ያለበት ዕቁብ አላቸው። በ20ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣላቸው፤ 60 ሺህ ብር። ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለማድቤቱ አዲስ ምጣድ አስበው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ብሩ የተቀመጠው በልጃቸው ስልክ ነው። ሦስት ሌሊት አልፈጀበትም።

ልጁን ጠራሁት። የሰንበት ተማሪዬ ነው፤ ጥሩ ከበሮ መቺ። አልካደኝም። መጀመሪያ በውርርድ መተግበሪያ 2 ሺህ ተበላ። «ላስመልስ ብዬ» 10 ሺህ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ «ሲግናል»፣ ማለትም መቼ ግዛ መቼ ሽጥ የሚል ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው፣ ቀሪውን ዩኤስዲቲ ወደሚባለው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር ወደታሰረ ዲጂታል ገንዘብ ቀይረህ ፊውቸርስ ግባ አለው፤ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል ብሎ መወራረድ ነው። 50 እጥፍ በሆነ ሌቨሬጅ። ልጁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ካለቀ በኋላ ነው። እናንተም ካልገባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ያለህን 50 እጥፍ እስኪሆን በብድር አሳድገህ ትገባለህ። ዋጋው ወዳሰብከው አቅጣጫ ከሄደ ታገኛለህ። 2 በመቶ ብቻ በተቃራኒው ከሄደ ግን ያንተው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ «ሊኩዊዴት» ሆንክ ይሉሃል። በዚህ ገበያ 2 በመቶ ማለት ደግሞ ሻይ ቀድተህ እስክትመለስ የሚሆን ነው።

እናቲቱ ዛሬም በየእሑዱ 1000 ብር ይጥላሉ። ዕቁቡ አላለቀማ። ለበሉትም ላልበሉትም ይከፈላል፤ ዋስ ጠርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «መምህር፣ ዕቁብስ ዕጣ አይደለም ወይ? ማትያስስ በዕጣ አይደለም ወይ የተመረጠው?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕጣ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ማትያስ ሲመረጥ ሐዋርያት ጸልየው ነው ዕጣ የጣሉት፤ ማንም ከማንም ኪስ ምንም አልወሰደም። የዕቁብ ዕጣ የሚቆርጠው ተራን ብቻ ነው። ዛሬ ለእርስዎ፣ በሚቀጥለው ለጎረቤትዎ። መጨረሻ የደረሰውም ያንኑ ያህል ያገኛል። አንዱ የሚደሰተው ሌላው ስላለቀሰ አይደለም። የጭፍሮቹ ዕጣ ግን ሌላ ነው። እጀ ጠባቡ ለአንዱ የሚሆነው ባለቤቱ ራቁቱን ስለቀረ ነው።

ቋንቋችን ደግሞ ሳይደብቅ ነግሮናል። ያሸነፈው «በላሁ» ይላል። የተሸነፈው «ተበላሁ» ይላል። በሌላ ንግድ እንዲህ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽንኩርት ሻጭ «ደንበኛዬን በላሁት» አይልም። ካለም አጭበርብሯል ማለት ነው። እግዚአብሔር ለአዳም «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» ሲለው የሚበላውን ነግሮታል፤ እንጀራ ነው። ዳዊት በ13ኛው መዝሙሩ የሚያዝንባቸው ሌሎች በይዎች አሉ፦ «እንጀራን እንደሚበሉ ሕዝቤን የሚበሉ»። ወንድሜ፣ ማታ «በላሁ» ብለህ ስትጨፍር የበላኸው የማንን እንጀራ ነው? ምናልባት የእኒያን እናት ምጣድ ነው። ምናልባት ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች እኅቱ የላከችለትን ነው።

ደግሞ አትሞኝ፤ ብዙውን ጊዜ አንተም በላተኛ አይደለህም። ከእነዚህ የአውሮፕላን ጨዋታዎች በጣም የታወቀው ራሱ፣ ከ100 ብር በአማካይ 97ቱን እመልሳለሁ ይላል። ደግ ይመስላል። 3 ብር ምን አላት? አንድ ዙር ግን ብዙ ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። በእጅህ ያለውን ሁሉ እየመለስክ 50 ጊዜ ብታጫውተው፣ ከ100 ብርህ በአማካይ የሚቀርልህ 22 ብር ገደማ ነው። ይህም አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ። ዕድልህ ስለጠመመ አይመስልህ፤ ማሽኑ እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው።

«እኔ ቤቲንግ አልቆርጥም፤ ክሪፕቶ ነው የምሠራው» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። አነጋገራቸው እንደ ባንክ ሠራተኛ ነው። ቴክኖሎጂውን አልኮንነውም፤ ብሎክቼይን መዝገብ ነው፣ መዝገብ ኃጢአት አይሠራም። «መንግሥት በኮምፒውተር ቢትኮይን ለሚያመርቱት ማይነሮች መብራት ይሸጥ የለ?» ያለኝም አለ። መብራት መሸጥ መብራት መሸጥ ነው፤ አንተ መብራት አልሸጥክም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት በአገሪቱ ሕግ እንዳልተፈቀደ አስጠንቅቋል። ብትዘረፍ የት ሄደህ ትጮኻለህ?

ሉና የሚባለው ሳንቲም በ2014 ሚያዝያ ከ80 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ግንቦት አንድ ሳምንት ሳይሞላው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። በ2015 ኅዳር ኤፍቲኤክስ የተባለው ግዙፍ መገበያያ ተንኮታኮተ፤ መሥራቹ በማጭበርበር 25 ዓመት ተፈረደበት። እነዚህ ታላላቆቹ ናቸው። ስሙን ትናንት የሰማኸው፣ ውሻና እንቁራሪት የተሳለበት ሳንቲምማ እንዴት ይሆን? ሰሎሞን «በችኮላ የተከማቸች ሀብት ትጎድላለች፤ ጥቂት በጥቂት የተከማቸች ግን ትበዛለች» ያለው እንጀራ ጋጋሪዋን እናት አይቶ ይመስላል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ተቆጣህ አትበሉኝ።

ስለት የሚሳሉ አሉ። «አንተ ቅዱስ ገብርኤል፣ ይቺ ትኬት ከገባችልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ይላሉ። ኩፖኑን ሥዕለ አድኅኖ ላይ ያስነካም አይቻለሁ። ዲፖዚት ከማድረጉ በፊት አማትቦ የሚጀምር አለ። ምን ነክቶናል? ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር እሳት ውስጥ የገባውን መልአክ ደሃ ስትበላ እንዲያግዝህ ትጠራዋለህ? ይሁዳ 30ውን ብር ሲመልስ እነዚያ ጌታን ያሰቀሉት የካህናት አለቆች እንኳ «የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ልንጨምረው አልተፈቀደም» አሉ። እነሱ የተጸየፉትን እኛ በከበሮ እንቀበለው? በሐዋርያት ቀኖና ካህንም ሆነ ዲያቆን ለቁማርና ለስካር ራሱን ቢሰጥ ወይ ይተው ወይ ይሻር ተብሏል። ምእመኑም ካልተወ ይለይ ተብሏል። ይህን የማነሣው አንባቢ ሁሉ እንዲደነግጥ አይደለም። ከአገልግሎት መልስ ልብሰ ተክህኖውን ሳያጣጥፍ የጨዋታ ውጤት የሚያይ ወንድም ስላለኝ ነው። ራሱን ያውቃል። እወደዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ብዙ ውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ደስ ብሎን ነበር። ቤቱ ግን ወደ ኪሳችን ገባ። የሚታሸግ በር የለውም። ሌሊትም አይዘጋም።

ሌሊቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ልጁ «መምህር፣ ቀን ቀን ደህና ነኝ። ሌሊት ነው የሚያመኝ» ብሎኛል። ይህን ሲለኝ ሙሴ ጸሊም ታወሰኝ። ሰኔ 24 የምናከብረው፣ ከሽፍትነት በግብፅ ወዳለው ገዳመ አስቄጥስ የገባው አባታችን። ሽፍታ መሆኑን ሁሉ ይተርካል። ከመነኮሰ በኋላ ምን ያህል እንደተሠቃየ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የድሮው ሕይወቱ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ያቃጥለው ነበር። አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አወጣው። በምዕራብ የሚያውኩትን የአጋንንት ጭፍራ፣ በምሥራቅ ከእነሱ የሚበዙትን መላእክት አሳየው። ከዚያ በኋላም ፈተናው አልቆመም። ዓመታት ሌሊቱን ቆሞ አደረ፤ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ሌላ መንገድ ያዘ። ሌሊት ተነሥቶ የሽማግሌዎቹን መነኮሳት እንስራ እየሰበሰበ ውሃ ይሞላላቸው ጀመር። ውሃው ሩቅ ነው፤ እነሱ ደክመዋል። ሰይጣን ይህን ጠላ። አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ ላይ በዱላ መታውና ለረጅም ጊዜ ታሞ ተኛ። ጸሎቱን ሲያይ የታገሠ ጠላት፣ እንስራውን ሲያይ ዱላ አነሣ።

እናንተ በዚህ ነገር ውስጥ ያላችሁ፣ ስትምሉና ስትከዱ የቆያችሁ፣ መተግበሪያውን አጥፍታችሁ በማግሥቱ መልሳችሁ የጫናችሁ፣ ዕዳ ውስጥ ገብታችሁ ሞትን የተመኛችሁ፣ ስሙኝ። ብቻችሁን አትታገሉ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለአንድ የቤት ሰውም ንገሩ። ስልኩ ላይ ያለውን ገንዘብ ሌላ ሰው ይያዘው፤ ውርደት አይደለም። ዕዳው ይከፈላል፤ እናንተ ግን አትተኩም። ከጭፍሮቹ ጋር የነበረው የመቶ አለቃ ቀና ብሎ ሲያይ «ይህ በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ብሏል። እሱም እኮ እዚያው ቁማርተኞቹ አጠገብ የቆመ ነው።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ሌሊት ነው። ልጁን «የሙሴን ሥራ ሥራ» አልኩት። ስልኩን ማታ ለእናቱ ይሰጣል። ውሃ ሲመጣ ይነሣና መጀመሪያ የእናቱን፣ ከዚያ ደጅ መውጣት የማይችሉ ሦስት አሮጊቶችን ጀሪካን ይሞላል። አራት ወር ሆነው። ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱንም ራሱ መጥቶ ነግሮኛል።

ባለፈው ሐሙስ ውሃው ሳይመጣ ቀረ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በእናቱ ስልክ ደወለልኝ።

«መምህር፣ ቧንቧው ደርቋል። ምን ልሥራ?»

ተነሥቼ ዳዊቴን ገለጥኩ። እሱም የእናቱን ዳዊት አመጣ። አንድ መዝሙር እሱ፣ አንድ መዝሙር እኔ እያልን የስልኩ ካርድ እስኪያልቅ ደገምን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።