የተደረሰ ንግግር ምንድን ነው? እስክንድር ያላለውን ማን አለለት?

ከታላቁ እስክንድር ምስል ጋር የተለጠፈ «ጥቅስ» ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁ እንጃ። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ታሪክ ጸሐፊ ጽፎት የለ? እንግዲያው ብሎታል» ይላል። እኔና እሱ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

የጥንት ታሪክ ጸሐፊ የባለታሪኩን ንግግር ራሱ ይደርስለታል። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ይህን ሳይደብቅ ነግሮናል። የተባለውን ቃል በቃል ማስታወስ ከባድ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ሐሳቡን ይዞ፣ ተናጋሪዎቹ በየሁኔታው ሊሉት የሚገባውን ጻፈ። የተደረሰ ንግግር የምንለው ይህንን ነው።

ልብስ ስፌት አስቡ። ድርጊቱ ገላ ነው፣ ንግግሩ ልብስ። ልኩ ግን የሚወሰደው ከአንባቢው ነው። ድል አድራጊው ሞቷል፤ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ አይልም።

እስክንድር ድል ያደረገውን የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስን ሞት እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 የገዛ ሰዎቹ ወጉት። የእስክንድርን ዘመቻ ታሪክ የጻፈው ግሪካዊው አሪያን እንደሚለው፣ እስክንድር ሳይደርስ ሞቷል። ስለዚህ በሞቱ ሰዓት ሁለቱ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1010 ግድም ወደተጠናቀቀው የፋርሳዊው ባለቅኔ የፈርዶውሲ የነገሥታት ታሪክ ግጥም፣ ሻህናሜ፣ ስንመጣ ግን እስክንድር ከፈረሱ ይወርዳል። የሟቹን ራስ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ያለቅሳል፣ ገዳዮችህን እበቀላለሁ ይላል። ዳራም (ዳርዮስ በግጥሙ የተጠራበት ስም ነው) ልጁን ሮሻናክን አደራ ይለዋል። ለምን? በሻህናሜ ሁለቱ በአባት ወንድማማቾች ናቸው። ዙፋኑን የወሰደው ባዕድ እንዳይሆን፣ እንደ ወንድም መናገር አለበት። በግዕዙ ዜና እስክንድር ደግሞ ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ስለ ሥላሴ ይናገራል፤ ያውም ከክርስቶስ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የሞተ ሰው! እዚህ ስፌቱ በዓይን ይታያል። ልኩ የማን እንደሆነም ግልጽ ነው።

«ታዲያ ዋሽተዋል ማለት ነው?» ይለኛል ያው ሰውዬ። አልዋሹም። የፋርስ አንባቢ ከንጉሥ ምን ይጠብቅ እንደነበር ከዚያ ለቅሶ በላይ የሚነግረኝ ነገር ጥቂት ነው። ስህተቱ ልብሱን ገላ ነው ማለት ላይ ነው።

ደግሞ ሁሉም ንግግር እኩል ባዶ ነው አላልኩም። አሪያን ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ ቢጽፍም፣ ከእስክንድር ጋር የዘመቱትን የበጥሊሞስንና የአሪስቶቡሉስን መጻሕፍት ይዞ ነበር። ከስፌቱ ሥር የእስክንድር ዘመን ክር ሊኖር ይችላል። የትኛው ክር እንደሆነ መለየት ነው ሥራው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥንት ብራናዎች ላይ እንደዛሬው ያለ ትምህርተ ጥቅስ የለም። ንግግሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው የኛ ዘመን አርታኢ ነው። በዚያ ምስል ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች እንኳ የእስክንድርም የአሪያንም አይደሉም።